እንፋሎት፣ ፈትልና የፋብሪካ ደወል

ስለ ኢንዱስትሪ አብዮት ሲነሳ ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ የታሪክና የኢኮኖሚክስ መምህራን ድርሻ ተደርጎ ይወሰዳል። በእኛ በፊዚክስ ትምህርት የእንፋሎት ሞተር የሚታየው በቴርሞዳይናሚክስ ምዕራፍ ውስጥ ነው፤ ከላይ ሞቃት አካል፣ ከታች ቀዝቃዛ አካል፣ በመካከላቸው አንድ ክብ ይሳልና ከክቡ ጎን «ሥራ» የሚል ቀስት ይወጣል። ተማሪው ቀመሩን ይዞ ፈተናውን ያልፋል። ያ ክብ የስንቱን ሙያ እንዳጠፋ፣ የስንቱን ከተማ እንዳቆመ፣ የስንቱን ሕፃን እንቅልፍ እንደነሳ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አናገኝም። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ጉዳዮች፣ ማለትም ክቡንና በክቡ ዙሪያ የነበሩትን ሰዎች፣ ጎን ለጎን ለማየት እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጠቀሱ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ውሃ የሞላው ጉድጓድ

ነገሩ የሚጀምረው ከውሃ ነው። በእንግሊዝ አገር የማገዶ እንጨት እየተመናመነ በመሄዱ ሕዝቡ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ወደ ድንጋይ ከሰል አዘነበለ። ለምድር ገጽ ቅርብ የነበረው ከሰል ተቆፍሮ ሲያልቅ ጉድጓዶቹ ወደ ታች እየጠለቁ ሄዱ፤ ጉድጓድ በጠለቀ ቁጥር ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃ ይሞላዋል። ውሃውን በፈረስ ጉልበት ቀን ከሌት መቅዳት ከከሰሉ ሽያጭ የሚገኘውን ገንዘብ ይበላው ነበር።

ቶማስ ኒውከመን የተባለ የብረታ ብረት ነጋዴ በ1712 በደድሊ ግንብ አቅራቢያ በሚገኝ የከሰል ጉድጓድ የተከለው ሞተር ለዚህ ችግር የተሰጠ መልስ ነው። አሠራሩ እንደሚከተለው ነበር። ቀጥ ብሎ የቆመ ሲሊንደር በእንፋሎት ይሞላል፤ ከዚያም ቀዝቃዛ ውሃ ይረጭበታል። እንፋሎቱ ወደ ውሃነት ሲመለስ ይዞት የነበረው ቦታ ባዶ ሊሆን ምንም አይቀረውም። በዚህ ጊዜ ከላይ ያለው የከባቢ አየር ግፊት ፒስተኑን ቁልቁል ይጫነዋል። እንግዲህ በዚህ ሞተር ውስጥ ከባዱን ሥራ የሚሠራው አየሩ ነው ማለት ይቻላል፤ የእንፋሎቱ ድርሻ ቦታ ይዞ ቆይቶ ቦታ መልቀቅ ነበር። የሲሊንደሩ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 53 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለነበረ አየሩ ፒስተኑን የሚጫነው ከ2 ቶን በሚበልጥ ክብደት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 12 ጊዜ እየተመላለሰ በእያንዳንዱ ምልልስ 45 ሊትር ያህል ውሃ ከ47 ሜትር ጥልቀት ያወጣ ነበር። ተማሪዎች ራሳቸው ቢያሰሉት ውጤቱ 4 ኪሎ ዋት ገደማ ይሆንላቸዋል። ቤት የሚያህለው ማሽን ያመነጭ የነበረው ኃይል ከአንድ አነስተኛ ሞተር ብስክሌት የሚበልጥ አልነበረም።

ብቃቱም ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ከሚቃጠለው ከሰል የሚገኘው ሙቀት ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ እጁ በከንቱ ይባክን ነበር። ይሁን እንጂ ማሽኑ የቆመው በከሰሉ ጉድጓድ አፍ ላይ ስለሆነ፣ የሚያቃጥለውም ገበያ የማያወጣውን ድቃቂ ስለሆነ ባለቤቱን አላሳሰበውም። አብዮቱ በሌላ አገር ሳይሆን በእንግሊዝ ስለ ምን ጀመረ ለሚለው ጥያቄ የታሪክ ሊቃውንት ብዙ መልስ ሰጥተዋል፤ እኛን ይበልጥ የሚያሳምነን ከሰል እጅግ ርካሽ፣ የሰው ጉልበት ግን ከሌላው አገር ይልቅ ውድ ነበረ የሚለው ነው። ከሰል ውድ በሆነበት አገር የኒውከመንን ሞተር መትከል ኪሳራ ነበር።

ዋት ያገኘው ቁልፍ

ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ1763 ክረምት፣ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የመሣሪያ ሠሪ የነበረው ጀምስ ዋት ለማስተማሪያ የተሠራች አንዲት ትንሽ የኒውከመን ሞተር ሞዴል እንዲጠግን ተሰጠው። ሞዴሏ ጥቂት ከተመላለሰች በኋላ እንፋሎት እያለቀባት ትቆም ነበር። ዋት ችግሩን እንደ ተራ ብልሽት አላየውም። ትልቁ ሞተር እየሠራ ትንሿ የምትቆምበት ምክንያት ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። መልሱ ዛሬ ለማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊገባ የሚችል ነው፤ ትንሽ ዕቃ ከይዘቱ ጋር ሲነጻጸር የገጹ ስፋት ይበዛልና ሙቀት ቶሎ ያመልጠዋል። ዋት ግን በዚህ አልቆመም፤ በእያንዳንዱ ምልልስ የሚጠፋው እንፋሎት ሲሊንደሩን ከሚሞላው መጠን በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ለካ። ትርፉ እንፋሎት የት ይገባል?

ሲሊንደሩን ለማሞቅ ነው የሚገባው። ቀዝቃዛ ውሃ በተረጨ ቁጥር የሲሊንደሩ ብረት ይቀዘቅዛል፤ ቀጥሎ የሚመጣው እንፋሎት ብረቱን እንደገና እስኪያሞቅ ድረስ እዚያው እየቀዘቀዘ ውሃ ይሆናል። ዋት አንድ እጅ እንፋሎት በክብደት ስድስት እጥፍ የሚሆን ቀዝቃዛ ውሃ እስከ መፍላት ሊያደርስ እንደሚችል በሙከራ ሲያይ ተገረመና እዚያው ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረውን ጆሴፍ ብላክን ጠየቀ። ብላክ ከጥቂት ዓመታት በፊት ድብቅ ሙቀት የሚባለውን ነገር አግኝቶ ነበር። ዛሬ በምናውቀው ቁጥር አንድ ኪሎ ውሃ ከ10 እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ 377 ኪሎ ጁል ያህል ይበቃል፤ ያንኑ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመቀየር ግን 2,257 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ብናካፍል ስድስት እናገኛለን፤ የዋት ሙከራ ይህን ያህል ትክክለኛ ነበር።

መፍትሔው በ1765፣ እሱ ራሱ በኋላ እንደተረከው በአንድ የእሁድ ቀን፣ በግላስጎው መስክ ላይ ሲንሸራሸር መጣለት። እንፋሎቱ ለምን በሲሊንደሩ ውስጥ ይቀዘቅዛል? ከጎኑ ሌላ ዕቃ ይቀመጥ፤ ያ ዕቃ ምንጊዜም ቀዝቃዛ፣ ሲሊንደሩ ምንጊዜም ሙቅ ይሁን፤ እንፋሎቱ በሚፈለግበት ሰዓት ብቻ ወደ ቀዝቃዛው ዕቃ ይለቀቅ። ይህ ዕቃ ኮንደንሰር ይባላል። የከሰሉን ፍጆታ ወደ ሩብ ገደማ አወረደው። ሐሳቡ ሥራ ላይ እስኪውል አሥራ አንድ ዓመት መፍጀቱን ግን አንዘንጋ፤ ክብነቱ የተስተካከለ ሲሊንደር የሚሰጠው አልነበረምና። ይህን ያቃለለው ጆን ዊልኪንሰን ለመድፍ አፈሙዝ ብሎ በ1774 ያወጣው መቦርቦሪያ ነው።

ዋትና ባለገንዘቡ ሸሪኩ ማቲው ቦልተን ለደንበኞቻቸው የሸጡበት መንገድ ለየት ያለ ነበር። የሞተሩን ባለቤት የሚያስከፍሉት ከኒውከመን ሞተር ጋር ሲነጻጸር የዳነለትን ከሰል ዋጋ አንድ ሦስተኛ ነው። ከሰል ከባሕር ማዶ ከዌልስ በመርከብ ይመጣለት ለነበረው የኮርንዎል የመዳብና የቆርቆሮ ማዕድን ባለቤት ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን መክፈሉ መረረውና ሙግት በሙግት ሆነ። በፈረስ ምትክ ሞተር ለሚገዙት ደግሞ፣ ለምሳሌ ለቢራ ጠማቂዎች፣ ሌላ መለኪያ አስፈለገ፤ ዛሬም የምንጠቀምበት የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም 746 ዋት ገደማ፣ የተገኘው ከዚህ የገበያ ፍላጎት ነው። ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ሰው ከዚህ አንድ አሥረኛውን ያህል ቢያመነጭ ነው።

በፓርላማ ውሳኔ የዋት ባለመብትነት እስከ 1800 ጸና። በዚህ ጊዜ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት የሚሠራ ሞተር ለመሥራት ያሰቡ ሁሉ እጃቸው ታስሮ ቆየ፤ ዋት ራሱም ከፍተኛ ግፊትን አደገኛ ነው ብሎ ይቃወም ነበር። መብቱ ካበቃ በኋላ ሪቻርድ ትሬቪቲክ በ1804 በዌልስ በሐዲድ ላይ የሚሄድ ሞተር አስኬደ። የኮርንዎል መሐንዲሶች ደግሞ ከ1811 ጀምሮ የእያንዳንዱን ሞተር የሥራ ውጤት በየወሩ እያሳተሙ ለሁሉም ማሳየት ጀመሩ። ከጥቂት አሥርተ ዓመታት በኋላ ምርጦቹ የኮርንዎል ሞተሮች ዋት ከሠራቸው ከሁለት እጥፍ በላይ ብቃት ነበራቸው። ለዚህ ውጤት ዋናው ምክንያት የኅትመቱ ግልጽነት ነው ብለን እናምናለን።

ከእንዝርት እስከ መኪና

የእንፋሎት ሞተር ለብቻው አብዮት አላስነሳም። አብዮቱን ወደ ሰው ቤት ያስገባው ጥጥ ነው። ጋቢ ያሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ረጅሙ ሥራ ሽመናው ሳይሆን ፈትሉ ነው፤ አንድ ሸማኔ ሥራ እንዳይፈታ ብዙ ፈታዮች እንዝርት ማሾር አለባቸው። በእንግሊዝ ጆን ኬይ በ1733 መወርወሪያው በራሱ የሚፈተለክበትን ዘዴ ሲያወጣ ሸማኔው ፈጠነና የፈትሉ እጥረት ባሰ። በ1760ዎቹና በ1770ዎቹ የሃርግሪቭስ፣ የአርክራይትና የክሮምተን መፍተያዎች ተከታትለው የወጡት ይህን እጥረት ለመሙላት ነው። የኢኮኖሚ ታሪክ ጸሐፍት እንደሚገምቱት አንድ መቶ ፓውንድ፣ ማለትም 45 ኪሎ ጥጥ፣ በእጅ ለመፍተል ለህንድ ፈታይ 50 ሺህ ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ በ1780 በክሮምተን መኪና 2 ሺህ ሰዓት፤ በ1825 በወጣው አውቶማቲክ መኪና 135 ሰዓት ሆነ። በዚህ ፍጥነት የወደቀ የምርት ወጪ ከዚያ በፊት በታሪክ ስለመኖሩ እንጠራጠራለን።

አርክራይት በ1771 በክሮምፎርድ የከፈተው ፋብሪካ የሚንቀሳቀሰው በወንዝ ውሃ ነበር፤ እንፋሎት በጥጥ ኢንዱስትሪ ውሃን የበለጠው ገና በ1830ዎቹ ነው። ይህን ያህል የዘገየው ውሃ ርካሽ ስለሆነ ነው። ታዲያ ውሃው ርካሽ ከሆነ ለምን ተተወ? ወንዝ ካለበት አይንቀሳቀስም፤ ሠራተኛው ግን ከተማ ውስጥ ነው። የእንፋሎት ሞተር ባለፋብሪካውን ከሸለቆ አውጥቶ ሥራ ፈላጊው ወደ ሞላበት ከተማ ወሰደው። በሞተር የሚሠራው የሽመና መኪና ቁጥር በ1813 ከነበረበት 2,400 በ1833 ወደ 100 ሺህ ሲያድግ፣ በ1820 አካባቢ 240 ሺህ ገደማ የነበሩት የእጅ ሸማኔዎች በ1850 ከ50 ሺህ በታች ሆኑ። በመካከሉ ያለው ታሪክ ሸማኔው ደመወዙ በየዓመቱ እየቀነሰ፣ ቀኑ እየረዘመ፣ ሙያውን ላለመልቀቅ የታገለበት የረሃብ ታሪክ ነው። የህንድ ሸማኔም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም።

ጥጡስ ከየት ይመጣ ነበር? ዋናው ምንጭ የአሜሪካ ደቡብ ነው። ኢላይ ዊትኒ በ1793 የሠራው የጥጥ መዳመጫ ፍሬውን ከጥጡ የመለየቱን አድካሚ ሥራ ሲያቃልል፣ መሬት ላይ ጎንበስ ብሎ ጥጥ የሚለቅመው ባሪያ ሥራ ይቀልለታል ያለ ቢኖር ተሳስቷል። በ1790 በዚያች አገር 700 ሺህ ያህል የነበሩት ባሮች በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ደርሰዋል። ሥራን የሚያቀልል ማሽን የሰውን ሸክም እንደሚያበዛ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አናውቅም።

የመኪና ጨርቅ ወደ አገራችንም ዘልቋል። ባርነት በአሜሪካ ከቀረ በኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ አያቶቻችን አቡጀዲ ይሉት የነበረው የአሜሪካ ፋብሪካዎች ጨርቅ በኢትዮጵያ ገበያ ከፍተኛ ቦታ ነበረው። በ1903 ሮበርት ስኪነር የተባለ የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም ከዓላማዎቹ አንዱ ይህን ገበያ መጠበቅ ነበር።

ደወሉ

ገበሬም ሆነ የእጅ ባለሙያ ቀድሞ ሥራውን የሚለካው በሥራው ነበር፤ እርሻው ሲያልቅ፣ ጨርቁ ሲወርድ። ፀሐይ ስትወጣ ሰዓት መቁጠር ለሚጀምር ለእኛ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንም። ሞተር ግን እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ አንድ ሠራተኛ ዘገየ ብሎ አይቆምም፤ የሚሠራው ሰው ኖረም አልኖረም ከሰሉ ይነዳል። ስለዚህ የፋብሪካው ደወል መጣ። በቀን 12 እና 13 ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን መሥራት የተለመደ ሆነ፤ ጥቂት ደቂቃ የዘገየ ይቀጣል። በዘመኑ ከሠራተኞች የተሰጡ ምስክርነቶች በአንዳንድ ፋብሪካ ሰዓቱ ጠዋት ወደ ፊት፣ ማታ ወደ ኋላ ይገፋ እንደነበር፣ ሠራተኛውም የራሱን ሰዓት ይዞ መግባት ይፈራ እንደነበር ይናገራሉ።

ከፋብሪካው ቀጥሎ ባቡሩ መጣ። የብሪስቶል ከተማ ከለንደን በስተምዕራብ ሁለት ዲግሪ ተኩል ያህል ርቃ ስለምትገኝ ፀሐይዋ በ10 ደቂቃ ትዘገያለች። በፈረስ ለሚጓዝ ሰው ይህ ልዩነት ትርጉም አልነበረውም፤ በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡር የሚልክ ድርጅት ግን ለአደጋ ይጋለጣል። የግሬት ዌስተርን ባቡር ድርጅት ከ1840 ጀምሮ በለንደን ሰዓት መሥራት ጀመረ፤ በ1880 ፓርላማው የግሪኒችን ሰዓት የአገሪቱ ሕጋዊ ሰዓት አደረገው።

ሕፃናቱ ከሚንቀሳቀሰው መፍተያ ሥር እየዳሁ ብናኝ ጥጥ ይጠርጉ፣ የተበጠሰ ክር ይቀጥሉ ነበር፤ ለዚህ ሥራ የተመረጡት ጣታቸው ቀጭን፣ ደመወዛቸው አነስተኛ ስለሆነ ነው። በ1833 የወጣው ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ከ9 ዓመት በታች ያሉትን ከለከለ፤ ከ9 እስከ 13 ዓመት ያሉት በቀን ከ9 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ወሰነ። ይህ በዚያ ዘመን እንደ ትልቅ ለውጥ ተቆጥሯል። የተሾሙት ተቆጣጣሪዎች ለመላው አገር አራት ነበሩ።

አሥራ ሰባት ዓመት

ማንችስተር በ1801 ወደ 70 ሺህ፣ በ1851 ከ300 ሺህ በላይ ነዋሪዎች ነበሯት። በዚሁ ሃምሳ ዓመት የታላቋ ብሪታንያ ሕዝብ ከ10.5 ሚሊዮን ወደ 20.8 ሚሊዮን አደገ፤ በ1851 ቆጠራ በእንግሊዝና በዌልስ የከተሜው ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ከገጠሬው በለጠ።

ኤድዊን ቻድዊክ በ1842 ባወጣው የጤና ሪፖርት ውስጥ አንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ አለች። በማንችስተር የሠራተኛው መደብ አማካይ የሞት ዕድሜ 17 ዓመት ነበር፤ ራትላንድ በተባለችው የገጠር አውራጃ ደግሞ 38። የማንችስተር ባለጸጎችና ምሁራንስ? እነሱም 38። እንግዲህ በማንችስተር ሀብታም ሆኖ መኖርና በራትላንድ የቀን ሠራተኛ ሆኖ መኖር በዕድሜ ረገድ ልዩነት አልነበራቸውም። ቁጥሩ ጥንቃቄ ይሻል፤ 17 ማለት ሰው ሁሉ በ17 ዓመቱ ይሞታል ማለት አይደለም። አማካዩን ያወረደው አምስት ዓመት ሳይሞላው የሚቀበረው ሕፃን ነው፤ ገዳዩም መኪናው ሳይሆን የቆሸሸው ውሃና መጸዳጃ የሌለው የተጨናነቀ ሰፈር ነበር። በሌላ አነጋገር ፊዚክሱ ከጤና ጥበቃው ቀድሞ ሮጧል።

በ1811 በኖቲንግሃምሻየር ሉዲት የተባሉት ሹራብና ካልሲ ሠሪዎች ሌሊት እየገቡ መኪና መሰባበር ጀመሩ። ስማቸው ዛሬ ቴክኖሎጂን ለሚጠላ ሰው መሰደቢያ ሆኗል፤ ይህ ግን ፍትሐዊ አይመስለንም። ብዙዎቹ ዕድሜ ልካቸውን በመኪና የሠሩ ባለሙያዎች ናቸው። የተቃወሙት ባልሠለጠነ እጅ ወራዳ ዕቃ እየተመረተ ደመወዛቸው መቆረጡን ነበር። መንግሥት በ1812 መኪና የሰበረ በሞት እንዲቀጣ ደነገገ፤ በጥር 1813 በዮርክ ከተማ 17 ሰዎች ተሰቀሉ። ደመወዝስ በመጨረሻ አላደገም ወይ? አድጓል፤ በተለይ ከ1840ዎቹ በኋላ። ከዚያ በፊት በነበሩት አሥርተ ዓመታት ግን የሠራተኛው ምርት ካደገበት መጠን የደመወዙ እድገት እጅግ ያንስ ነበር፤ ልዩነቱ የገባው በካፒታል ባለቤቱ ኪስ ነው። አንድ ትውልድ ጠብቆ ሳያገኝ ሞተ።

በማንችስተር የተለካው ሙቀት

ስለ ሞተሩ ንድፈ ሐሳብ የተጻፈው ሞተሩ መቶ ዓመት ከሠራ በኋላ ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሳዲ ካርኖ በ1824 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ እንግሊዝን ባሕር ኃይሏን ከማጣት ይልቅ የእንፋሎት ሞተሮቿን ማጣት ሊጎዳት እንደሚችል አመለከተ፤ ከዚያም አንድ ሞተር ቢበዛ ምን ያህል ሥራ ሊሰጥ ይችላል የሚለውን ጥያቄ አነሳ። መልሱን ዛሬ በምንጽፍበት አኳኋን ብናስቀምጠው ከፍተኛው ብቃት ከአንድ ላይ የቀዝቃዛው አካል ሙቀት ለሞቃቱ ተካፍሎ ሲቀነስ የሚገኘው ነው፤ ሁለቱም በኬልቪን ይለካሉ። ቦይለሩ 100 ዲግሪ፣ ኮንደንሰሩ 40 ዲግሪ ሴልሲየስ ቢሆን ፍጹም የሆነ ሞተር እንኳ ከመቶ 16 እጅ በላይ አይሰጥም። ግፊቱ ከአየር ግፊት አሥር እጥፍ ቢደረግ ግን እንፋሎቱ 180 ዲግሪ ይደርሳልና ጣሪያው ወደ 31 ከመቶ ከፍ ይላል። ዋት የፈራው መንገድ ትክክለኛው መንገድ እንደነበር ከዚህ እንረዳለን። ካርኖ በ1832 በኮሌራ በ36 ዓመቱ ሞተ።

የኢነርጂ ጥበቃ ሕግም ከዚሁ ጭስ የወጣ ነው። ጀምስ ጁል የማንችስተር ጎረቤት የሆነችው የሳልፎርድ ቢራ ጠማቂ ልጅ ነበር፤ ጥናቱን የጀመረው በባትሪ የሚሠራ ሞተር ከእንፋሎት ሞተር ይረክስ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ዚንክ ከከሰል ጋር ሊወዳደር እንደማይችል ሲገባው ጥያቄውን አሰፋና ከ1843 ጀምሮ ሥራና ሙቀት የሚመነዘሩበትን መጠን ለካ። ዛሬ በስሙ የምንጠራው መስፈሪያ ከፋብሪካ ሒሳብ የተወለደ ነው።

የቁጠባ ውጤት

የሞተር ብቃት ሲያድግ የከሰል ፍጆታ ይቀንሳል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው። እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ስታንሊ ጄቮንስ በ1865 ይህ ስሕተት መሆኑን አሳየ፤ ሞተር ከሰል ሲቆጥብ ሥራው ይረክሳል፣ ሥራው ሲረክስ ሞተር የሚተክለው ይበዛል፣ ጠቅላላው ፍጆታም ያድጋል። በብሪታንያ በ1700 ወደ 3 ሚሊዮን ቶን የነበረው ዓመታዊ የከሰል ምርት በ1913 ከ280 ሚሊዮን ቶን በልጧል። በእነዚህ ሁለት መቶ ዓመታት ውስጥ እያንዳንዱ ሞተር ከቀዳሚው ይበልጥ ቆጣቢ ነበር። መብራትና ኮምፒውተር በሚሠሩ መሐንዲሶች መካከል ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

ከአብዮቱ በፊት በአየር ውስጥ ከሚሊዮን 280 እጅ ያህል የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አሁን ከ420 በላይ ነው። የተጨመረውን ውቅያኖስና ዕፅዋት እየተሻሙ ቢወስዱም አንድ ክፍሉ ለብዙ ሺህ ዓመታት ይቆያል። ለሕዝብ ኤሌክትሪክ የሚሸጠው የመጀመሪያው የከሰል ጣቢያ በ1882 የተከፈተው በለንደን ነበር፤ በብሪታንያ የመጨረሻው የከሰል ኃይል ማመንጫ ደግሞ መስከረም 30 ቀን 2024 ተዘጋ። ራትክሊፍ ይባላል፤ የሚገኘውም ሹራብ ሠሪዎቹ መዶሻ ባነሱበት በኖቲንግሃምሻየር ነው።